የፅጌ ቮልስ መስታወት

«ሲሊኮን ነው የሚያዋጣው ጋሼ፤ እኔን ይስሙኝ!» አለ ኢብራሂም፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ መቀመጡን ረስቶ። «በዚህ ከተማ ፎቅ ላይ ያለው መስታወት ሁሉ በምን የቆመ ይመስላችኋል?»

«የቆመ! ራስህ አልከው» ደሳለኝ ጫማ ሰፊው የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «የመኪና በር መስታወት ግን ሲወጣ ሲወርድ ነው የሚውለው። መድኃኒቱ ማስቲሽ ነው። አንድ ሶል በቀን ስንቴ እንደሚረገጥ ታውቃለህ?»

«ማስቲሽህ ፀሐይ ሲነካው ይልሞሰሞሳል፣ ባክህ!»

ማቴዎስ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያንን ያያል። ሚስቱ ፅጌ የተቀበረችው ትናንት ነው። ሐዘንተኛ ቁጭ ብሎ ይጽናናል እንጂ ስለ ማጣበቂያ አይማከርም፤ ይህን እሱም አያጣውም። ግን ምን ያድርግ፣ ቀኑ አጠረበት!

ጭንቁን ያመጡት አማቱ እማማ ሮማን ናቸው። ነገ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሲነሣ ወደ ቡሹሎ ይመለሳሉ። ሚኒባስ እንያዝልዎ ቢባሉ «ከልጄ መኪና ሌላ አልገባም» ብለው ድርቅ አሉ። የልጃቸው መኪና ደግሞ ያቺ አሮጌ ቮልስ ናት፤ እሳቸው በሚቀመጡበት በኩል ያለው የበር መስታወት ከወደቀ አራት ዓመት ሆኖታል። በቦታው ላስቲክ ተለጥፏል። ወሩ ሐምሌ ነው። የእማማ ሮማን ደረት ደግሞ ትንሽ ብርድ ካገኘው ሳምንት ሙሉ ያስተኛቸዋል።

የእድሩ ዳኛ «አንተ ዐረፍ በል፤ እኛ እናሠራዋለን» ቢለው ጊዜ ማቴዎስ ብድግ አለ።

«ማንም እንዳይነካው! እኔ ነኝ የምገጥመው።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ማቴዎስ ዕድሜውን በመዝገብ ቤት የጨረሰ፣ ሚስማር እንኳ በወጉ መትቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከባልና ሚስቱ ባለ እጅ እሷ ነበረች። ፅጌ መኪና መንዳት አስተማሪ ነበረች፤ ድንኳኑን ከሞላው ሰው ግማሹ ክላች የለመደው በእሷ ጩኸት ነው። ኢብራሂም መስታወት ቤቱን ከመክፈቱ በፊት፣ ደሳለኝም መንጃ ፈቃድ አማረኝ ባለ ጊዜ፣ ሁሉም በተራ በተራ «ቲቸር» እያሏት ተቆጥተውባታል፤ እሷም ተቆጥታቸዋለች፤ ሁሉም ፈተናውን አልፈዋል።

«ሱፐር ግሉስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«እሱን ተዉት» አለ ማቴዎስ። «ሞክሬዋለሁ። ሰባት ቀን ያዘ። በስምንተኛው ቀን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ መዘምራኑ እያዩን፣ ዱብ!»

«እርስዎ ነዎት እንዴ የሞከሩት?» አለ ደሳለኝ።

ማቴዎስ መሬት መሬት አየ። «የሞከርኩትም እኔ፣ የጣልኩትም እኔ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡረታ በወጣ በወሩ ፅጌ «በል፣ ዛሬ ተማሪዬ አንተ ነህ» ብላ መሪው ላይ አስቀመጠችው። አደባባዩ መሃል ሞተሩ ጠፋበት። አስነሣ፣ ጠፋ። ደግሞ አስነሣ፣ ደግሞ ጠፋ። ባጃጆቹ ከኋላው ጡሩምባውን አቀለጡት። ሌላ ተማሪ ቢሆን ትቆጣው ነበር፤ በባሏ ግን ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቦታ ተለዋውጠው፣ እሷ መሪውን ይዛ ከአደባባዩ ካወጣችው በኋላም ሳቋ አልቆመም። ማቴዎስ አስቁሟት ወረደና በሩን ባለ በሌለ ኃይሉ ደረገመው። መስታወቱ ካለበት ተነቅሎ በሩ ሆድ ውስጥ ገባ። በእግሩ ወደ ቤት ሲሄድ ከጎኑ ቀስ እያለች እየነዳች፣ በዚያው ባዶ መስኮት «ጌታዬ፣ ታክሲ ይፈልጋሉ?» ትለው ነበር። እሱ ግን እስከ ቤቱ ድረስ ጥርሱን አላሳያትም። ምን ነበረበት ያን ቀን ቢስቅላት! ከቀብሩ ጀምሮ አንጀቱን የሚበላው ይኸው ነው።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ደሳለኝ። «ቲቸር እኮ ‹አንድ ተማሪ ተናዶ ነው› ነበር ያለችን። ስሙን ንገሪን ስንላት ‹ሞቼ እገኛለሁ!› አለች። እኔ ይሄን ኢብራሂምን ስጠረጥር ኖሬያለሁ።»

«እኔን? እኔ እኮ አንተን ነበር!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ከቤት ውስጥ ሴቶቹ ምን ጉድ ነው ብለው ብቅ አሉ። ማቴዎስም ሳቀ፤ እየሳቀ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

«ጋራዥ ልውሰደው ብያት ነበር» አለ ኢብራሂም ረጋ ብሎ። «‹ተወው፣ የጣለው ሰው ያነሣዋል› አለችኝ።»

ይሄኔ ነው ጥግ ላይ የተቀመጠው ምንያህል የተናገረው። በዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ፣ የእሷው ተማሪ ነው።

«ሱፐር ግሉው የከዳዎት ሲደርቅ ድንጋይ ስለሚሆን ነው ጋሼ። ብረቱና መስታወቱ በሙቀት እኩል አይለጠጡም፤ በር ሲዘጋ ደግሞ ይናጣሉ። መሃላቸው ያለው ነገር ልምጥ የሚል መሆን አለበት። ሲሊኮን ልምጥ ይላል፤ ግን ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት አሮጌ ብረት ዝገት ያስበላል። የፊት መስታወት የሚለጠፍበት ጥቁሩ ማጣበቂያ ነው የሚሻለው፤ እንደ ጎማ ሆኖ ነው የሚደርቀው።»

«በስንት ሰዓት?» አለ ማቴዎስ።

«ሃያ አራት። እስከዚያ ማንም አይነካውም።»

እማማ ሮማን የሚነሡት ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አሁን አምስት ተኩል ሆኗል። «በቃ፣ ጥቁሩ ይሁን!» አለ ማቴዎስ። ኢብራሂም ባጃጅ ይዞ ሮጠ።

የበሩን ሽፋን ሲፈቱት መስታወቱ አራት ዓመት ከተኛበት ጭረት እንኳ ሳይነካው ወጣ። ማቴዎስ አሮጌውን ሱፐር ግሉ በምላጭ ፋቀ፣ በአልኮል ወለወለ፣ ጥቁሩን ማጣበቂያ መስታወቱን ከሥር ነክሶ በሚይዘው ብረት ውስጥ ዳር እስከ ዳር ጨመቀ። ከማጣበቂያው ግማሹ ጣቶቹ ላይ ቀረ። ደሳለኝ ሊያግዘው ቢጠጋ ኢብራሂም ክንዱን ያዘው። መስታወቱ ቦታው ሲገባ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር።

ዐሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። የእድሩ ሰዎች ማንንም ሳይጠይቁ የድንኳኑን አንድ ጎን ፈትተው በቮልሷ ላይ ዘረጉት። ከሥራ መልስ ሊያጽናኑ የመጡት ሐዘንተኛውንና መኪናዋን ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኟቸው፤ ግራ ቢገባቸውም «ጌታ ያጽናችሁ» ብለው ተቀመጡ።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መጥተው ጸሎቱ ካበቃ በኋላ፣ የማቴዎስ ልጅ ሰብለ መሪውን ያዘች። እማማ ሮማን ከጎኗ ተቀመጡ። ማቴዎስ በተከፈተው በር ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ ይህን መስታወት የጣልኩት እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ብርድ ያስመታሁዎት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ያኔውኑ መጥታ ነግራኛለች። ሆዳችንን እስኪያመን ነበር የሳቅንብህ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «‹ይሠራዋል እማ፣ እኔ አውቀዋለሁ› ትለኝ ነበር። በል፣ ዝጋው።»

በስሱ ገፋው። በሩ አልገጠመም።

«አባዬ፣ የቮልስ በር በልመና አይዘጋም» አለች ሰብለ።

ኢብራሂም ዓይኑን ጨፈነ። ማቴዎስ ትንፋሹን ሳበና ደረገመው። ድም! መስታወቱ ንቅንቅ አላለም። እማማ ሮማን እጀታውን አዞሩት፤ ወረደ። መልሰው አዞሩት፤ ወጥቶ ጥርቅም አለ።

«ያዘ! አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ጮኸ ኢብራሂም። «ሃሌሉያ!» አሉ መዘምራኑ። አንዲት ሴት ሳታስበው እልልታዋን ለቀቀችው፤ ለቅሶ ቤት ነው ብሎ የተቆጣት ሰው አልነበረም። ማቴዎስ ሽማግሌነቱን ረስቶ፣ በመኪናዋ አፍንጫ ዞሮ ወደ ሾፌሩ መስኮት ሮጠ። ፊቱ በርቷል።

«አየሽ?» አለ። «አየሽልኝ፣ ፅጌ?»

መሪው ላይ ያለችው ሰብለ ናት። ማቴዎስ የመስኮቱን ጠርዝ ጨበጠ። ሰብለ በመስኮቱ እጇን ሰዳ ማጣበቂያው ያጠቆራቸውን የአባቷን ጣቶች ያዘች።

«አየሁ» አለችው፣ ጣቶቹን ሳትለቅ።