የኦሴን ስንኝ

ሞሄይ የማተሚያው እንጨት ላይ አጎንብሶ የመጨረሻዎቹን ፊደላት ሲቀርጽ በሩ ተንሸራተተ። የግጥም ማኅበሩ አለቃ፣ የሩዝ ነጋዴው ሱኬዞ፣ በረዶውን ከትከሻው እያራገፈ ገባ።

"አትነሳ፣ አትነሳ። ሐዘንህ ሐዘናችን ነው።"

"አመሰግናለሁ፣ ጌታዬ።"

የሞሄይ ሚስት ኦሴን በንዳድ ከሞተች ገና ሳምንቷ ነው። የሰው ልብስ እያጠበች ነበር የምትኖረው። ማኅበሩ ውስጥ ዓመታት በር ስር ተቀምጣ ካዳመጠች በኋላ፣ አባላቱ ለአዲስ ዓመት አሳትመው ለወዳጆቻቸው በሚያድሉት ሥዕል ላይ የእሷም ስንኝ እንዲገባ ፈቀዱላት። በገዛ እጇ ጻፈችው፦

የባለጸጋ ጎረቤቴ አበባ፣
ሽታው አጥር ዘሎ ቤቴ ገባ፣
ማነው እንግዲህ ሌባ?

ወረቀቱ እንጨቱ ላይ ተለጥፎ አብሮ ሲቀረጽ ጠፍቷል። የእጅ ጽሑፏ አሁን ያለው እንጨቱ ላይ ብቻ ነው።

ሱኬዞ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ... የሟች ስንኝ ለአዲስ ዓመት ገድ የለውም። አባላቱ ፈርተዋል። ከእንጨቱ ላይ ፍቀህ አንሳው።"

"እኔ?"

"ሌላ ሰው ከሚነካው ያንተ እጅ ይሻላል ብዬ ነው። ከፈለግህ መጀመሪያ ለራስህ አንድ አትምና አስቀምጥ።"

"ለእኔ ብላ አልጻፈችውም፣ ጌታዬ። ከእናንተ ስንኞች ጋር እንዲነበብላት ነው።"

ሱኬዞ ዓይኑን ሰበረ። "በቦታው ለመልካም ገድ ጥንድ ሽመላ ቅረጽበት። የከርሞውም ሥራ ያንተው ነው።"

ሰውየው ሲወጣ ሞሄይ መሮውን አነሳ። እንጨቱ የማኅበሩ ነው፤ እምቢ ቢል ነገ ለሌላ ቀራጭ ይሰጡታል። ከመጨረሻው መስመር መፋቅ ጀመረ። "ሌባ" የሚለው ላይ ደረሰ፤ ይህን ቃል ስታነብለት ሳቋ አላስጨርስ ብሏት ነበር። ፍቅፋቂው ጉልበቱ ላይ ረገፈ።

በማግስቱ አታሚው ቶራኪቺ መጣ። እንጨቱን ወደ ብርሃኑ አዘነበለው።

"ምነው ሞሄይ፣ እዚህ ጋ እኮ ባዶ ነው። ሱኬዞ ያዘዘህ ሽመላዎችስ?"

"የሉም።"

"ሲታተም ይኼን ያህል ነጭ ቦታ! ያየው ሁሉ እዚህ ምን ነበር ብሎ ይጠይቃል እኮ።"

"ይጠይቅ።"

"አብደሃል? ሱኬዞ ሁለተኛ ሥራ አይሰጥህም።"

ሞሄይ እንጨቱን በጨርቅ ጠቀለለና አስታቀፈው።

"እንዳለ አትመው" አለ።