በአንድ ማንኪያ

አንቺ ዝምተኛዋ፣ ተነሺና አሳዪን፣ የታይሮይድ ዕጢ የት ነው ያለችው፣ አለኝ የባዮሎጂ መምህሩ፣ ስምንተኛ ክፍል ሆኜ፣ ተነሳሁ፣ አፌ አልላቀቅ ሲለኝ እጄን አንገቴ ላይ አደረግሁ፣ ክፍሉ በሳቅ አውካካ፣ አንዱ ከኋላ ታንቃ ልትሞትብን ነው አለ፣ መምህሩ ግን አልሳቀም፣ ልክ ነች፣ እዚያው ነች፣ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ትመስላለች፣ ትንሽ ነች፣ እሷ ስትሰንፍ ግን ልብ ይሰንፋል፣ አንጀት ይሰንፋል፣ ሕፃን ላይ ከሆነ አእምሮ ሳያድግ ይቀራል፣ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ለፈተና ብዬ እንጂ ለኑሮ ብዬ አይደለም፣ ፈተናው ሳይደርስ እናቴ አልጋ ያዘች፣ እኔ እሷን ያዝኩ፣ ትምህርቱ በዚያው ቀረ።

ሕፃን ላይ ከሆነ።

እና አሁን የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ጋ ተሰልፌያለሁ፣ በእጄ አዲሱ ማዘዣ፣ አንድ ተኩል ኪኒን ይላል፣ እስካሁን አንድ ነበር፣ ከፊቴ ሁለት ሰው አለ፣ ከኋላዬ ኮሪደሩ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አግዳሚ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ አማቴ፣ እቅፋቸው ውስጥ ልጄ፣ ሰባት ወሩ ነው፣ ጨዋው እንለዋለን፣ ስለማያለቅስ፣ ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ አንቺስ ታድለሻል፣ ቤቱ ውስጥ ልጅ ያለም አይመስል፣ በእናቱ ወጥቶ ነው ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር፣ ተረከዙን ወግተው ወረቀት ላይ ያንጠባጠቡት ደም ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ፣ ለካ ዝምታው ጨዋነት አይደለም፣ በሽታ ነው፣ ቢራቢሮዋ አትሠራም፣ ኪኒኑ የእሷን ሆርሞን ይተካል፣ በየቀኑ፣ በባዶ ሆዱ፣ ዕድሜ ልኩን፣ እስከ ሦስት ዓመቱ ደግሞ አንድም ቀን እንዳይጓደል አለች ሐኪሟ፣ አእምሮው የሚሠራው አሁን ነው፣ ያመለጠ ቀን አይመለስም።

ያመለጠ ቀን።

ባለፈው የደም ምርመራው ቁጥር ጥሩ ነበር፣ ሐኪሟ ጎበዝ እናት ብላ እጄን ጨብጣኛለች፣ ዛሬ ግን ወረቀቱን ስታይ ቅንድቧ ተሰበሰበ፣ ከፍ ብሏል አለች፣ በጣም ከፍ ብሏል፣ እኔ ያ ቁጥር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ስሎልናል፣ ጭንቅላት ውስጥ አተር የምታክል ሌላ ዕጢ አለች፣ አለቃቸው እሷ ነች፣ ታይሮይድ ስትለግምባት ትጮኽባታለች፣ ተነሺ፣ ሥሪ፣ ቁጥሩ ማለት ጩኸቷ ነው፣ ልጄ ጭጭ ብሎ ተኝቶ ውስጡ አንዲት ዕጢ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጮኻለች፣ ስንት ሳምንት፣ እኔ አጠገቡ ተኝቼ፣ ትንፋሹን እየሰማሁ።

ሐኪሟ ወደ አማቴ ዞረች፣ ጠዋት ጠዋት የሚሰጡት እርስዎ ነዎት አይደል እማማ፣ አዎ ልጄ፣ እሷ ሥራ ስትሄድ እኔ ነኝ፣ አንዳንዴ ይረሱት ይሆን፣ እኔ፣ ዓይኔ ይፍሰስ፣ አልቆጣዎትም እማማ፣ እውነቱን ብቻ፣ እውነቱን ነው የምልሽ፣ እሷ አዘጋጅታ ትሄዳለች፣ እኔ አፉ ውስጥ አደርጋለሁ፣ ማንኪያውን እስኪልሰው፣ ሐኪሟ እኔን አየችኝ፣ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ፣ ምክንያቱም ጠርጥሬያቸዋለሁ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ኪኒኗን መዳፋቸው ላይ አገላብጠው፣ ይቺን ፍርፋሪ ነው መድኃኒት የምትሉት፣ ልጁ ምን ሆነና፣ ስምንት ልጅ ያሳደገ ሰው እዚህ ተቀምጦ አይጠየቅም እንዴ፣ ብለው ነበር፣ እኔም ሰምቻለሁ፣ ባሌም ሰምቷል።

ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ከመንገድ ደወለ፣ ስንት መጣ፣ ከፍ ብሏል፣ ሞተሩ አጓራ፣ ከዚያ እናቴ ነች አለ፣ አውቃታለሁ፣ ደብቃ እየደፋችው ነው፣ በልጄ አእምሮማ አትጫወትም፣ እሁድ ስመለስ እህቴ ቤት አደርሳታለሁ፣ አንቺም ሥራውን ለጊዜው ተይው፣ ሰማሽ፣ እሺ አልኩት፣ እሺ፣ ይቺው ነች ከአፌ የወጣችው፣ ምን አለ አሉኝ አማቴ፣ ምንም፣ ኧረ ተይ፣ ያ ልጅ እኔን አንድ ነገር ሳይለኝማ ስልክ አይዘጋም አሉ፣ ለመሳቅ ሞከሩ፣ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ፣ ሻርፓቸውን ሳብ አድርገው አፋቸውን ሸፈኑ።

ቀጣይ።

መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠረጴዛው ላይ መነጽሩን ይፈልጋል፣ ማዘዣውን እሰጠዋለሁ፣ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው፣ ሰባት ወር፣ ሌላ የሚወስደው ነገር አለ፣ የለም እላለሁ፣ አፌ ሁልጊዜ አጭሩን ቃል ነው የሚያነሳው፣ ማለቴ ሽሮፕ አለ፣ ሲከተብ ደሙ አንሷል ብለው ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ የሰጡን፣ የብረት ሽሮፕ ነው እንዴ ይላል፣ አዎ እሱ፣ ጥቁሩ፣ እጁ የኪኒኑ ካርቶን ላይ እንዳለ ይቆማል፣ አብረሽ ነው እንዴ የምትሰጪው፣

አብሬ።

አንድ ላይ፣ በአንድ ማንኪያ።

ኧረ እህቴ፣ ይላል፣ አይቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ ብረቱ ኪኒኑን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፣ አንጀቱ ሳይመጠው ተያይዘው ይወጣሉ፣ አልሰጠሁትም በይው፣ በመሃላቸው ቢያንስ አራት ሰዓት መኖር አለበት፣ ሽሮፑን ለሐኪሟ ነግረሻታል፣ አልነገርኳትም፣ አልጠየቀችኝም ልል አፌ ላይ ይመጣል፣ እውጠዋለሁ።

ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፣ ጣቶቼ በረዶ ሆነዋል፣ ይቺንም አውቃታለሁ፣ ኩላሊት ላይ እንደ ቆብ የተደፋችው ዕጢ ነች፣ ቱቦ የሌላቸው ዕጢዎች ሆርሞናቸውን በቀጥታ ወደ ደም ያፈስሳሉ፣ ይላል መጽሐፉ፣ ሰው ሲደነግጥ እሷ ሆርሞኗን ትለቀዋለች፣ ወይ ለመሮጥ ወይ ለመደባደብ ነው ብሎናል መምህሩ፣ ዝም ለሚል ሰው ምን እንደሚያደርግለት አልነገረንም።

በአንድ ማንኪያ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላለኝም፣ የራሴ ብልጠት፣ የአማቴ ዓይን ደክሟል፣ የሽሮፑን ልክ አያዩትም፣ እኔ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልብስ ማጠቢያ ቤት መገኘት አለብኝ፣ የሆቴል አንሶላ ነው የምተኩሰው፣ እዚያ የሚያስመሰግነኝ ሁለት ዙር የሚፈጀውን በአንድ ዙር መጨረሴ ነው፣ አለቃዬ እጅሽ ይባረክ ትለኛለች፣ ያንኑ እጄን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ፣ ኪኒኗን በሁለት ማንኪያ መሃል ድቅቅ፣ ኩባያ ውስጥ ሽሮፑ ላይ ጣል፣ ቅልቅል፣ ክድን፣ ሽሮፑ ይጣፍጣል፣ ልጁ ሳይተፋ ይልሰዋል፣ ደግሞ ኮራሁበት፣ ስድስት ሳምንት፣ አርባ ሁለት ጠዋት፣ እያንዳንዷን ጠዋት በገዛ እጄ አበላሽቼ፣ ከድኜ፣ በጫማዬ ጫፍ እየረገጥኩ እንዳይነቃ ብዬ ወጣሁ፣ እሳቸው ደግሞ ሰጡት፣ ሳያጓድሉ፣ እስከ ጠብታው።

አርባ ሁለት።

ሐኪሟ ክፍል ተመልሻለሁ፣ መቼ እንዳንኳኳሁ አላውቅም፣ እሷ ከረሜላ እየላጠች ነው፣ ምን ረሳሽ ትለኛለች፣ እነግራታለሁ፣ ሽሮፑን፣ ማንኪያውን፣ ኩባያውን፣ እንዴት እንደወጣልኝ እንጃ፣ ለልጄ ሲሆን ምላሴ ይፈታል ማለት ነው፣ ከረሜላውን አስቀምጣ ማዘዣውን ትቀበለኛለች፣ አንድ ተኩሉን ትሰርዛለች፣ አንድ፣ እንኳን መጣሽ ትላለች፣ ኪኒኑን ጨምረን አንቺ ደግሞ ሽሮፑን ብታርቂው የልጁን ልብ እናስጋልበው ነበር፣ እኔም ሌላ መድኃኒት አለ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፣ ጎድቶታል ወይ፣ እላታለሁ፣ ብዕሯን ትከድናለች፣ አላውቅም፣ ትላለች፣ ልዋሽሽ አልችልም፣ ቀድመን መጀመራችን ትልቅ ነገር ነው፣ ከአንድ ወር በኋላ ቁጥሩን እናያለን፣ አቀማመጡን እናያለን፣ ሲያወራ እናያለን፣ አይዞሽ፣ ቀጣዩን ጥሪልኝ።

በቃ። ይኸው ነው። ስለ አማቴ አንድ ቃል አልጠየቀችኝም፣ ለእሷ ጉዳዩ አልቋል፣ በሩን ዘግቼ ቀጣዩን እጠራለሁ፣ ግድግዳውን ተደግፌ እቆማለሁ፣ እና ያ ሐሳብ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ድመት፣ ማንም አያውቅም፣ ሐኪሟ ለባሌ አትደውልም፣ ከነገ ጀምሮ ኪኒኑን ጠዋት ሽሮፑን ከሰዓት በኋላ አደርገዋለሁ፣ እሁድ አማቴ ይሄዳሉ፣ በወሩ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ባሌ አየሽ አይደል ይላል፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ መዋሸት እኮ አያስፈልገኝም፣ አንድም ውሸት፣ ዝም ማለት ብቻ፣ እሱ ደግሞ ሙያዬ ነው፣ የተመሰገንኩበት፣ የተዳርኩበት፣ ዝምተኛ ልጅ ነች ብለው አይደል የወሰዱኝ፣ አማቴ ራሳቸው አይደሉ እንዲህ ብለው የመረጡኝ፣ ሴትየዋ ደግሞ ምን ይሆናሉ፣ ሴት ልጃቸው ቤት ነው የሚሄዱት፣ ሜዳ ላይ አይጣሉ፣ ደግሞስ ፍርፋሪ ብለው የለም፣ አፋቸው ነው ያመጣባቸው፣ እያልኩ እሄዳለሁ፣ እግሬ ኮሪደሩን እየቆጠረ፣ እንዴት ያለ ሰው ነኝ ግን።

የአማቴ ድምፅ ይመጣል፣ ልጁን እያዋሩት ነው፣ አንተ አይደለህ ምስክሬ፣ በል ተናገር፣ ሰጥቼሃለሁ አልሰጠሁህም፣ ስትልስ አልነበር፣ ምላስህን እያወጣህ፣ ምነው፣ አንተም እንደ እናትህ ጭጭ፣

አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ልጁ ይነቃል፣ በዚያ ጎርናና ድምፁ አንዴ ይነጫነጫል፣ ብቻ አንዴ፣ ወዲያው ደረቴ ይርሳል፣ ወተቱ ሳልጠራው ይመጣል፣ ያም ሆርሞን ነው፣ ስሙ ጠፋኝ፣ አማቴ ያቀብሉኛል፣ ሲጠባ ሁለታችንም እሱን እናያለን፣ ምን አለችሽ ደግሞ፣ መጠኑን አስተካከለችው፣ እህ፣ እሁድ ነው አይደል የሚወስደኝ፣ ማን ነገርዎት፣ ማን ይነግረኛል፣ ወልጄዋለሁ እኮ፣ ይሁን፣ ቅር አይለኝም፣ ጥርሱን ሳላይ መሄዴ ነው እንጂ፣ አሉና ጣታቸውን አንድ በአንድ ይነካካሉ፣ የሆነ ነገር እየቆጠሩ ነው፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላሉ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣

ልጄ፣ ምናልባት እኮ ረስቼው ይሆናል።

እንዴ እማማ፣

አይ፣ ሳስበው፣ ዓይኔ ደክሟል፣ ጭንቅላቴስ ቢደክም ማን ያውቃል፣ ሰጠሁት እያልኩ ሳልሰጠው ቀርቼ ከሆነስ፣ ትላንት እንኳ ቁልፉን በእጄ ይዤ ስፈልግ አልነበር፣ ይህን ልጅ በገዛ እጄ አጥፍቼው ከሆነ፣ ዓይናቸው ሞልቷል፣ ግን አይፈስም፣ ጣታቸውን እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጥራሉ፣ ሰኞ ሰጥቻለሁ፣ ማክሰኞ፣ ማክሰኞ እንጃ፣ የራሳቸውን ጠዋቶች እየጣሏቸው ነው፣ አንድ በአንድ፣ የሰጧቸውን፣ በትክክል የሰጧቸውን፣ በእኔ ዝምታ የተነሳ አእምሯቸው ከእጃቸው እየወጣ ነው፣ ሐኪሟ ክፍል ውስጥ ስናገር ተናግሬ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር፣ ያኛው ለእኔ ልጅ ነው፣ ይሄኛው ለአማቴ፣ ማክሰኞ ሰጥተውታል እማማ፣ እላለሁ፣ በምን አወቅሽ፣ ማታ ስገባ ኩባያው ታጥቦ ጠበቀኝ፣ ሁሉም ቀን ታጥቦ ነው የሚጠብቀኝ፣

ልጁን በአንድ ክንዴ ይዤ በሌላው እጄ ቦርሳዬን እበረብራለሁ፣ ስልኬን አውጥቼ ባሌ ጋ እደውላለሁ፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ለማን ነው አሁን ይላሉ አማቴ፣ ያነሳዋል፣ ሄሎ፣ ሄሎ፣ ምነው፣ ልጁ ደህና ነው፣ ሁለቱም ከእኔው አፍ እንዲሰሙት ድምፅ ማጉያውን እጫናለሁ፣ ስልኩን እሳቸው ጉልበት ላይ አስቀምጠዋለሁ።