የሃያ ስምንተኛው በሽተኛ ፊርማ

ነርሷ የመድኃኒት ጥናቱን የስምምነት ቅጽ ሦስተኛ ገጽ ለአንድ ሽማግሌ በሽተኛ ጮክ ብላ እያነበበች ሳለ ዶክተሩ በሩን ገርበብ አድርጎ ጠራት። ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስከ ዓርብ ሠላሳ በሽተኛ ካልሞላን ኩባንያው ጥናቱን ሌላ አገር ይወስደዋል። ያኔ እኔም አንቺም ቤታችን መቀመጣችን ነው። አዲስ መድኃኒት መጥቷል በያቸውና አስፈርሚያቸው፤ በቃ!»

«እሺ» አለች። ልቧ ግን እሺ አላለም። ያለፈው ጥናት ካለቀ በኋላ ስምንት ወር ሥራ ፈትታ ተቀምጣለች፤ ቤት መቀመጥ ምን እንደሆነ ለእሷ የሚነግራት አያስፈልግም።

ስትመለስ ሽማግሌው እግራቸውን እያሻሹ አገኘቻቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ኩላሊታቸው ከድቷቸው እግራቸው አባብጧል፤ ጫማ አልገባ ካላቸው ሰንብቷል።

«መድኃኒቱ ከባሕር ማዶ ነው የመጣው አልሽኝ፣ ልጄ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እዚያ አገራቸው ኩላሊቱን ያመመው ሰው ጠፋ እንዴ?»

ሳቋ አመለጣት። እሳቸው ግን አልሳቁም። መልሱን እየጠበቁ ትክ ብለው አዩዋት።

«ሞልቷል» አለች በመጨረሻ። «ግን እዚያ ውድ ነው። እዚያ ለአንድ ሰው የሚያወጡት እዚህ ለአሥር ሰው ይበቃቸዋል።»

«እኛ በቅናሽ ነና!»

ቅጹን አነሳችና አንድም መስመር ሳትዘል አነበበችላቸው። መድኃኒቱ ገና በሙከራ ላይ ነው። ከበሽተኞቹ ግማሾቹ የሚውጡት መልኩ መድኃኒት የሚመስል ባዶ ክኒን ነው፤ የቱ ለማን እንደሚደርስ እሷም ዶክተሩም አያውቁም። ዓመቱ ሲሞላ ሁሉም ነገር ይቆማል።

«ቢሻለኝም?»

«ቢሻልዎትም።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በፋርማሲ ያለውን መድኃኒት ለመግዛት መኪናቸውን ሸጠው ገንዘቡን ጨርሰዋል። ሌላ የሚሸጥ ነገር የላቸውም።

«በይ እስክሪብቶውን አምጪው» አሉ። «ቢያንስ አውቄ ልግባበት።»

ፈረሙ። የእሳቸውን ቅጂ አጥፋ ልትሰጣቸው ስትል ከግርጌው ያለውን ቁጥር በጣታቸው ነኩት።

«ሕመሙ ቢጠናብኝ እዚህ ብደውል የሚያነሳ አለ?»

ነርሷ ቁጥሩን አየችው። ያለፈው ጥናት ባበቃ ማግስት የጥናቱ ቢሮ ስልክ ተዘግቶ ነበር። አንዲት እናት ሦስት ቀን ሙሉ ስትደውል ቆይታ፣ በአራተኛው ቀን ልጇን ተሸክማ ከተዘጋው በር ላይ ቆማ መገኘቷን ነርሷ የሰማችው ዘግይታ ነው።

ዶክተሩ እንደገና በሩን ገርበብ አደረገ። «አለቀ?»

«ትንሽ ቀረኝ» አለችው ቀና ሳትል።

ወረቀቱን መልሳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ የቢሮውን ቁጥር በአንድ መስመር ሰረዘችና ከጎኑ የራሷን የሞባይል ቁጥር ጻፈችበት።