ጋሽ ሀብቴ ማለም ሲማሩ

ጋሽ ሀብተማርያም በስልሳ አንድ ዓመታቸው ማለም ሊማሩ መነሣታቸውን ጦር ኃይሎች አካባቢ መጀመሪያ ያወቁት ደንበኞቻቸው ናቸው። ማወቅ ግድ ሆነባቸው። ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ ምላጭ ይዘው ከሰው ጆሮ ሥር እንደቆሙ ድንገት ሥራቸውን ያቆሙና የግራ እጃቸውን ጣቶች መቁጠር ይጀምራሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከዚያ ምላጩን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው የቀኙን ይቆጥራሉ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ በመስታወት ያያል።

«ጋሽ ሀብቴ፣ የጎደለ አለ እንዴ?» አላቸው አንድ ቀን አንድ የታክሲ ሹፌር፣ ጆሮውን በእጁ ሸፍኖ።

«አሥር ናቸው» አሉ እሳቸው ቅር እያላቸው።

ቅር ያላቸው አሥር በመሆናቸው ነበር። መምህራቸው እንዳስረዳቸው ከሆነ በሕልም ውስጥ ጣት ልክ አይመጣም፤ ስድስትም ሰባትም ይሆናል። ቀን ቀን መቁጠር የለመደ ሰው በሕልሙም ይቆጥራል፤ ልክ አልመጣ ሲለው «አሃ፣ ለካ እያለምኩ ነው» ብሎ እዚያው ሕልሙ ውስጥ ይነቃል። ከዚያ በኋላ ሕልሙ የራሱ ነው፤ የፈለገውን ያደርግበታል። ሌላው ሰው መብረር ይመኝ ይሆናል። ጋሽ ሀብቴ የሚፈልጉት አንዲት ምርቃት መመረቅ ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጃቸው ማራኪ፣ ያደሳ የሚባል የአስኮ ልጅ አገባች። ያደሳ ፕሮቴስታንት ነው። ጋሽ ሀብቴ ደግሞ ከጎጃም ይዘውት የመጡትን ማተብ አንድም ቀን ከአንገታቸው አውልቀው አያውቁም። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከች። ሁለቱንም ጊዜ ጋሽ ሀብቴ ብድግ ብለው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ ሽማግሌዎቹን ከነሻያቸው ትተው ከቤት ወጡ። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሙሽራዋ የእናቷን ጉልበት ስማ ስትመረቅ ከእናቷ ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነበር። አባት ሱቃቸውን ከፍተው ሲሠሩ ዋሉ።

ከዚያ ወዲህ ማራኪ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷን ልትጠይቅ የምትመጣው አባቷ ሥራ ላይ መሆናቸውን አረጋግጣ ነው። ያደሳ ያመጣታል፤ ግን ከግቢው በር አልፎ ገብቶ አያውቅም። ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቃታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈና አንድ ቀን ባለቤታቸው ወይዘሮ ዋጋነሽ ወጥ እያማሰሉ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩአቸው፣ «ማራኪ ሰባት ወሯ ገባ» አሏቸው። «የአባቷን ምርቃት ሳታገኝ ልትወልድ ነው።»

ያን ሌሊት ጋሽ ሀብቴ ሕልም አዩ። ማራኪ ቬሎዋን ለብሳ ትመጣና ጉልበታቸው ላይ ትደፋለች። ሊመርቁ አፋቸውን ሲከፍቱ አፋቸው በተቆረጠ ፀጉር ተሞልቷል። ቢተፉት ቢተፉት አያልቅም። ልጅቷ ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች፣ በመጨረሻ ተነሥታ ትሄዳለች። ሕልሙ በሳምንቱ ተመለሰ፤ ከዚያ በየሦስት ቀኑ ይመጣ ጀመር። ለወይዘሮ ዋጋነሽ ሲነግሯቸው «እልም ይበል» ከማለት በቀር አልፈቱላቸውም። መፍቻው የት እንዳለ ግን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

አንባቢ «ታዲያ ስልክ አንሥቶ አይደውልላትም?» ይል ይሆናል። ይበል። ኩራተኛ አባት ገጥሞት የማያውቅ አንባቢ ነው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ የመለሰ ሰው ምን ብሎ ይደውላል? ልጅ ለአባቷ ሽማግሌ ትልካለች፤ አባት ለልጁ ሽማግሌ የሚልክበት ወግ ግን ጋሽ ሀብቴ በጎጃምም በኮልፌም አላዩም። የሚያሳዝነው፣ በልባቸው ይቅር ካሏት ቆይተዋል። የቀራቸው መናገሩ ነበር።

መምህራቸው ለሊሳ ነው፤ ዓለም ባንክ አካባቢ ባዮሎጂ የሚያስተምር፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣ የሚስተካከል ጎልማሳ። የፀጉሩን ሕልም ሲሰማ አልሳቀም።

«እያለሙ መሆንዎን እዚያው ማወቅ ይቻላል እኮ ጋሽ ሀብቴ» አላቸው። «ይለመዳል። እኔም ስልኬ ላይ ካነበብኩ ወዲህ እየሞከርኩ ነው። ሁለቴ ተሳክቶልኛል።»

«ካወቅኩ በኋላ መናገር እችላለሁ?»

«የፈለጉትን።»

«ሰው አይሰማኝም?»

«ማን ይሰማዎታል? ብቻዎን እኮ ነው የሚሆኑት።»

ጋሽ ሀብቴ የለሊሳን አንገት በብሩሽ እያራገፉ አሰቡበት። ማንም ሳያያቸው፣ ማንም ሳይሰማቸው ልጃቸውን ይመርቋታል። ከዚያ ፀጉሩም ይተዋቸዋል፣ ደረታቸው ላይ የተቀመጠውም ነገር ይነሣላቸዋል። ከዚህ የተሻለ ዕርቅ አልታያቸውም።

የቤት ሥራው ሲነገር ቀላል ነበር። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ያዩትን ሕልም ደብተር ላይ መጻፍ። ቀን ቀን ጣት መቁጠር። ማታ «ዛሬ ሳልም ማለሜን አውቃለሁ» እያሉ መተኛት። ይህን የመጨረሻውን ጋሽ ሀብቴ ከአቡነ ዘበሰማያት አስከትለው ይሉት ነበር፤ ብለው ሲጨርሱም ለማንኛውም ብለው ፈጣሪን ይቅርታ ይጠይቃሉ።

«አንድ ሌላም አለ» አለ ለሊሳ። «ሕልም ውስጥ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ አይታዘዝም። ተጭነውት ካልበራ ሕልም ነው ማለት ነው።»

ይህን ምክር መጀመሪያ የጻፈው ሰው ኮልፌ ቀራኒዮ ኖሮ እንደማያውቅ ግልጽ ነው። ለሊሳ ግን እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ሆኖ አላሰበበትም፤ ጋሽ ሀብቴም አላሰቡበትም። ለነገሩ በዚያ ሰሞን፣ ተአምር በሉት፣ መብራት አንድም ቀን ሳይጠፋ ሳምንታት አልፈው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ተገርሟል፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የለም፣ ከተናገሩት ይሄዳላ። ጋሽ ሀብቴ ሳሎን ሲገቡ ቀጭ፣ በራ። መኝታ ቤት ሲገቡ ቀጭ፣ በራ። ባኞ ቤት ሲገቡ ቀጭ፣ በራ። ወይዘሮ ዋጋነሽ «ምነው፣ ከግድግዳው ልትነቅለው ነው?» እያሉ ይቆጡ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ያ የለመደው ሕልም እንኳ ቀረና ደብተሩ ላይ «ምንም» ተብሎ ሰባት ጊዜ ተጻፈ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ፍየል ሱቃቸው መጥታ እንዲያስተካክሏት ጠየቀች፤ ጋሽ ሀብቴም ምንም ሳይጠረጥሩ ወረፋ አስያዟት። ለሊሳ ይህን ሲሰማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ፍየል ስታናግርዎት እንኳ አልነቁም?»

«በጣም ጨዋ ነበረች» አሉ።

በአራተኛው ሳምንት ማራኪ ከነቬሎዋ መጣች። ፀጉሩም መጣ። ጋሽ ሀብቴ ግን ወደ እጃቸው አዩ፤ ሰባት ጣት። ሰባት! ደስታቸው ከመጠን አለፈና ባንነው ተነሡ። ልባቸው እየዘለለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። እዚያው ፊታቸው ነበረች እኮ።

«የጀማሪ ነገር ነው፣ ሁሉም ላይ ይደርሳል» አለ ለሊሳ። «እያለሙ መሆንዎን ሲያውቁ መደንገጥም መደሰትም የለም። ቀስ ብለው ሁለት እጅዎን ያፋትጉ፤ ሕልሙ ይረጋል። ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጋደም ብለው ይሞክሩት። የቀን እንቅልፍ ለዚህ ጥሩ ነው ይባላል።»

በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ ጋሽ ሀብቴ ሱቃቸውን በጊዜ ዘግተው ቤታቸው ገቡ። ወይዘሮ ዋጋነሽ ለቅሶ ሄደዋል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሳሎን ሶፋው ላይ ጋደም አሉ። ወይዘሮ ዋጋነሽ ቢኖሩ ኖሮ በዚህ ሰዓት አይተኛም ብለው ይቀሰቅሷቸው ነበር። «ዛሬ ሳልም ማለሜን አውቃለሁ» አሉና ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ዐይናቸውን ሲገልጡ ቤቱ ጨልሟል። በመስኮቱ የቀረችው ብርሃን ሰው ከዕቃ ለመለየት ብቻ የምትበቃ ናት። በሩ ላይ ማራኪ ቆማለች።

ቬሎ አልለበሰችም። ሆዷ ገፍቷል፤ በእጇ ብርቱካን ብርቱካን የሚሸት ፌስታል ይዛለች። ጋሽ ሀብቴ ጣቶቻቸውን ወደ ፊታቸው አስጠጉ፤ አንዱ ከአንዱ አይለይም። ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። ቀጭ። አልበራም። ቀጭ፣ ቀጭ። አልበራም።

መብራት ሄዶ ነው፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ያ ሁሉ ሳምንት ያልጠፋው መብራት እሳቸው ተኝተው ሳለ ከነሰፈሩ ድርግም ብሏል። ማራኪም ከሐኪም ቀጠሮ ስትመለስ፣ እናቷ ቤት ያለች፣ አባቷም ሱቅ ያሉ መስሏት፣ በድሮ ቁልፏ ከፍታ ገብታ ነው። ጋሽ ሀብቴ ግን ከዚህ አንዱም አልመጣላቸውም። የመጣላቸው ተሳካልኝ የሚል ሐሳብ ብቻ ነው። መደንገጥም መደሰትም የለም አሉ በልባቸው። ሁለት እጃቸውን አፋተጉና ወደ ሶፋው ተመልሰው ተቀመጡ።

«አባዬ…» ማራኪ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «መኖርህን አላወቅኩም። እማዬ ያለች መስሎኝ ነው። እሄዳለሁ።»

«አትሂጂ» አሉ። ድምፃቸው ወጣ። ምላሳቸውን አፋቸው ውስጥ አዙረው ፀጉሩን ፈለጉት፤ አንዲት እንኳ የለችም። «ነይ ቁጭ በይ። ሳልነቃ ልንገርሽ።»

ሳልነቃ ያሉት ለማራኪ አልገባትም። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ «ነይ» ብለዋት ስለማያውቁ መጥታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«የሠርግሽ ዕለት ሱቅ ከፍቼ ዋልኩ» አሉ። «አሥራ አንድ ሰው አስተካከልኩ። ሦስቱ የሌላ ሰው ሠርግ ሚዜዎች ነበሩ፤ ሲስቁ፣ ሲቀላለዱ። እኔ አሁን ከቤት ወጣች፣ አሁን መኪና ውስጥ ገባች እያልኩ መቀሴን ይዤ ቆሜ ዋልኩ። ማታ እናትሽ ስትመለስ ልጄ አምሮባት ነበር ወይ ብዬ ልጠይቃት አልቻልኩም። እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።»

«አባዬ…»

«ዝም በይ፣ እነቃለሁ። ሽማግሌዎቹን በሃይማኖት ነው የመለስኩት አልኩ። ሱቄ ከሚመጣው ሰው ግማሹ ፕሮቴስታንት ነው፤ ፀጉሩ ከኛ ፀጉር አይለይም። የተናደድኩት ጎረቤት ከሰማ፣ ደንበኛ ከሰማ በኋላ ለኔ ስለነገርሽኝ ነው። ከዚያ በሠራሁት አፈርኩ። ካፈርኩ በኋላ ደግሞ መመለሻው ጠፋኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ።»

ማራኪ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና ጉልበታቸው ላይ ተደፋች።

ምርቃቱ ሁለት ዓመት ተጠራቅሞ ስለነበር መንገድ ሲያገኝ የሚያቆመው አልተገኘም። «ቤትሽ የአብርሃም የሣራ ቤት ይሁን። ማኅፀንሽ ይባረክ። በሰላም ተገላገይ። የወለድሽው ለወግ ለማዕረግ ይብቃልሽ። የሄድሽበት ይቅናሽ፣ ከክፉ ነገር ይሰውርሽ…» በየመሐሉ «አሜን» የሚል ድምፅ ይሰማሉ። ይህ ገረማቸው፤ በሕልማቸው ማንም አሜን ብሏቸው አያውቅም። ሱሪያቸውም ጉልበታቸው ላይ ረጥቦ ሞቃቸው። ሕልም እንደሚያረጥብ ለሊሳ አልነገራቸውም ነበር።

ያኔ መብራት መጣ።

ሰፈሩ በልጆች ጩኸት ተሞላ፤ «መጣ! መጣ!» ማቀዝቀዣው አጓራ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን መለፍለፍ ጀመረ። ጋሽ ሀብቴ በልጃቸው ትከሻ ላይ ያረፉትን እጆቻቸውን አዩ። ቆጠሩ። አሥር። እንደገና ቆጠሩ። አሥር።

እፍረቱ ከእግራቸው ተነሥቶ እስከ ጆሯቸው ደረሰ። ሁሉንም ተናግረውታል፤ እሷም ሁሉንም ሰምታዋለች። «ሕልም መስሎኝ ነው» ቢሏት ነገሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ማራኪ ፊቷ በእንባ እንደራሰ ቀና ብላ አየቻቸው።

ጋሽ ሀብቴ ብድግ አሉ።

ማራኪ ይህን አነሣስ ታውቀዋለች፤ ሽማግሌዎቹ ነግረዋታል። አሁን ባርኔጣቸውን አንሥተው ይወጣሉ። እንደተንበረከከች ዐይኗን ጨፈነች።

እሳቸው ግን ባርኔጣውን አልፈውት ወደ ግድግዳው ሄዱ። ቀጭ፤ ጠፋ። ቀጭ፤ በራ። አንድ ጊዜ ደገሙት። ጠፋ። በራ።

«አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«እያረጋገጥኩ» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጧት። መብራቱን እንደበራ ተዉትና ዞሩ። «የቅድሙን ተይው። በጨለማ የተመረቀ ነው። ያደሳ የት ነው?»

«ውጭ… ሱቁ ጋ ቆሟል።»

«ጥሪው። ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው፤ ሁለታችሁንም።»

ማራኪ ስልኳን አወጣች። «ና ግባ» አለች። «አዎ፣ ቤት ውስጥ። አዎ፣ አባዬ ነው ጥሪው ያለኝ።» ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ስላላመነ ሦስት ጊዜ መደጋገም ነበረባት። ጋሽ ሀብቴ ወደ ሶፋው ተመለሱ። ወይዘሮ ዋጋነሽ ከለቅሶ ሲመለሱ የሚቀመጡበትን ቦታ ከጎናቸው ለቀቁ፤ ከዚያ የረጠበውን ሱሪያቸውን ጎተት አድርገው፣ ጉልበታቸውን አስተካክለው፣ በሩን እያዩ ጠበቁ።