ዘርትሁን አልሞተችም

ሐሳዊ መሲሕ ወደ ሰፈራችን የመጣው በሚስቴ በዘርትሁን ለቅሶ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ድንኳኑ ውስጥ ገባ፤ ከምሰሶው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ።

ማንም ማነህ አላለውም። የእኔ ዘመዶች የዘርትሁን ወገን መሰላቸው፤ የዘርትሁን ወገኖች የእኔ ዘመድ መሰላቸው። እኛ አገር ለቅሶ የደረሰ ሰው ስሙን አይጠየቅም። ሠርግ ቢሆን ኖሮ በር ላይ ይዘን እንጠይቀው ነበር። ክንዱ ላይ የሳሳ ቡናማ ኮት ለብሷል። ቀንድ የለውም። ንፍሮ ሲታደል አሮጊቶቹን ያስቀድማል፤ አግዳሚ ሲነሳ ያግዛል። እንደ እሱ አድርጎ ያለቀሰላት ሰው አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ።

እኔ ደርበው የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማለዳ ማለዳ እየዞርኩ የሟች ስም ጠርቻለሁ፤ አንድም ቀን ያልሞተ ሰው ሞተ ብዬ አላውቅም። የዘርትሁንንም ራሴ ነኝ የነፋሁት። “ዛሬስ ሌላ ሰው ይንፋ” ብለውኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ በሌላ ሰው ትንፋሽ እንድትነገር አልፈለግሁም።

የሞተችው በሳንባ ምች ነው። በመጨረሻው ማለዳ “ደርቤ፣ ውሃ” አለችኝ። ጡሩንባዬን እየወለወልኩ ስለነበር “ቆይ፣ መጣሁ” አልኳት። ጣሳውን ሞልቼ ስመለስ ውሃ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ይህን ያኔ ለማንም አልተናገርኩም። አሁንም ስናገረው ያመኛል።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑን ልናፈርስ ስንል ካስማዎቹ አልነቀል አሉ። አራት ጎረምሶች ታገሉ፤ አንድ ዲጂኖ ጎበጠ። ሰውየው ከአግዳሚው ላይ አልተነሳም። ያን ጊዜ የንስሐ አባቴ አባ ክንፈ ጠጋ አሉት።

“ለመሆኑ አንተ ማን ነህ?”

“ሐሳዊ መሲሕ ነኝ” አለ፣ በአክብሮት ብድግ ብሎ።

“ኢየሩሳሌም ትመጣለህ ነበር የሚባለው።”

“እዚያም አለሁ፣ አባ። ሥራ በዝቶ ነው።”

የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ይመር ሙስሊም ናቸው። “በእኛ ደጃል ይባላል፤ ግን አንድ ዓይና ነው ሲሉ ነው የሰማሁት” ብለው ፊቱን አተኩረው አዩት። ሰውየው ሁለት ዓይን ስላለው ይቅርታ ጠየቀ። ኮሚቴው እዚያው ቆሞ መተዳደሪያ ደንቡን አገላበጠ። ለቅሶ የደረሰ ሰው ከድንኳን ይባረራል የሚል አንቀጽ የለም። ስለዚህ ተመልሶ ተቀመጠ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኛ ግን ማንነቱን ራሱ ነግሮን ነው ዝም ያልነው።

ዓርብ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

“ልመልስልህ?” አለኝ።

“ምኑን?”

“ዘርትሁንን።”

እጄ ሳላዘው አንገቴ ላይ ያለውን ማዕተብ ያዘ። “በጥሰው ልትለኝ ነው?”

“እሱ ይቆይልህ። ነገ ማለዳ በጡሩንባህ ዙርና ዘርትሁን አልሞተችም በል። ሌላ ምንም አልፈልግም።”

“ራስህ ለምን አትለውም?”

“እኔን ማን ያምነኛል?” አለ። ይህን ሲል የምሩን አዝኖ ነበር።

ስለ ማዕተቤ አስቤያለሁ፤ ስለ ነፍሴም ትንሽ አስቤያለሁ። ይበልጥ ያሰብኩት ግን ስለዚያ ጣሳ ውሃ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ጡሩንባዬን ነፋሁና “ልብ ያለህ ስማ! ዘርትሁን አልሞተችም!” አልኩ። ሰው በር እየከፈተ “እሰይ! እሰይ!” አለ። የቀበሯት እነሱው ናቸው፤ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ዋሽቻቸው አላውቅም። ቤቴ ስመለስ ዘርትሁን ደጃፉን ትጠርግ ነበር።

እሷው ናት። ጉንጯ ላይ ያለው ጠባሳ አለ። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ድሮ ግራ እግሯን ወደ ውጭ ጠምዘዝ አድርጋ ነበር የምትረግጠው፤ አሁን ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ድናለች ብዬ ደስ አለኝ። አልጋው ላይ ስትቀመጥ ፍራሹ አይረግብም፤ እሱንም ንቄ ተውኩት። የከበደኝ ሌላ ነው። ጣሳውን ሞልቼ ስሰጣት “አልጠማኝም” ትላለች። ጠዋትም አልጠማኝም፤ ማታም አልጠማኝም። ያንን ጣሳ ይዤ ቤት ውስጥ ስዞር ሰነበትኩ።

ሰፈሩ ግን ወደ እኔ ጎረፈ። አቶ ይመር ራሳቸው አንገታቸውን ደፍተው መጡና በመኪና አደጋ ያለፈውን የልጃቸውን የሰይድን ስም በጆሮዬ ነገሩኝ። “ደንቡ አይከለክልም፣ አያ ደርበው” አሉኝ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ነበር። እምቢ ማለት አልቻልኩም። በአንድ ወር ውስጥ አሥራ ሰባት ሰው አልሞተም አልኩ። ተመላሾቹ ጨዋዎች ናቸው፤ አይጣሉም፣ አይርባቸውም፣ ጠዋት ጠዋት መስኮት ላይ ቆመው መንገዱን ያያሉ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ እያደር ከበደ፤ በመጨረሻ ጡሩንባውን በሁለት እጄ ነበር የማነሳው።

በሠላሳ አምስተኛው ቀን አባ ክንፈ ከደጅ ሆነው ጠሩኝ።

“ደርበው፣ የዘርትሁን አርባዋ ደረሰ።”

“ምን አርባ አላት አባቴ? ቤት ናት።”

“እሱን ነው የምልህ። አልሞተችም ያልከው አንተ ነህ። ላልሞተ ሰው ፍትሐት አላደርስም። እስቲ ና፣ የማሳይህ አለ።”

ክረምት ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ተነስቶ እስከ ድንኳኑ ድረስ በጭቃው ላይ የባዶ እግር ዱካ ነበር። ስትቀበር ጫማ አላደረግንላትም። ግራው ወደ ውጭ ጠምዘዝ ብሏል። ዱካው ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ አይገባም፤ ከዚያ ዞሮ ይመለሳል።

“በየቀኑ ትመጣለች” አሉ አባ ክንፈ። “የሚያለቅስላት ሰው እንዳለ ለማየት ይመስለኛል። ስታጣ ትመለሳለች። እስከ አርባዋ እንዲህ ትመላለሳለች፤ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደምትሄድ ግን እኔም አላውቅ ልጄ።”

እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ዱካዋን በስንዝሬ ለካሁት። የእሷ ነው። ሚስቴ በዝናብ ስትመላለስ እኔ ከማን ጋር እንደተኛሁ አሰብኩና አፈርኩ።

ሰውየው ከድንኳኑ ውስጥ ያየኝ ነበር። “ቃልህን ካጠፍክ ቤት ያለችውን ታጣታለህ” አለኝ። “ሁለተኛ አልመልስልህም።”

“ውሃ አትጠጣም” አልኩት።

ትንሽ አሰበ። “እሱን አላወቅሁም ነበር” አለ። “ለማንም አልተናገርክማ።”

በአርባኛው ቀን ማለዳ ወጣሁና ጡሩንባውን ነፋሁ። ድምፅ አልወጣውም። ደጋግሜ ነፋሁ፤ እምቢ አለ። ስለዚህ በባዶ ጉሮሮዬ ዞርኩ። “ልብ ያለህ ስማ! ዘርትሁን ሞታለች! ዋሽቻችኋለሁ! አሥራ ሰባቱም ሞተዋል!” አንድም በር አልተከፈተም። አቶ ይመር በመስኮት አዩኝ። ሊያለቅሱ ፊታቸው ተኮማተረ፤ ሰይድ ከኋላቸው መጣና መጋረጃውን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ቤቴ ስደርስ ደጃፉ ተጠርጓል፤ መጥረጊያው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ውስጥ ማንም የለም። ለእሷም አዘንኩ። ምንም ትሁን ምን፣ አንድ ወር ሙሉ ደጄን ጠርጋለች።

ጣሳውን ሞልቼ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። ሰውየው አልነበረም። እሱ ይቀመጥበት በነበረው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጡሩንባውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። እስከዚያች ቀን ለካ አንድም ጊዜ አላለቀስኩላትም። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል አባ ክንፈ ፍትሐቱን ሲጀምሩ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር።

ዱካው መጣ። በጭቃው ላይ አንድ በአንድ እየታተመ፣ ግራው ጠምዘዝ እያለ፣ ደጃፉ ድረስ መጥቶ ቆመ። ከዚያ ገባ። አጠገቤ አግዳሚው ረገብ አለ።

“እንቺ፣ ዘርትሁን” አልኩ። “አስጠበቅሁሽ።”

ጣሳውን ዘረጋሁ። ውሃው ቀስ እያለ ጎደለ፤ ሳያቋርጥ እስከ ታች ድረስ ጎደለ። በጣም ጠምቷት ነበር።

ያን ጊዜ ከታችኛው ሰፈር ጡሩንባ ተነፋ። የእኔ ጡሩንባ ጉልበቴ ላይ ነው። ቀጥሎ የተሰማው ድምፅ ግን የእኔ ድምፅ ነበር።

“ልብ ያለህ ስማ! ደርበው አልሞተም!”

በሮች ሲከፈቱ፣ ሰው “እሰይ! እሰይ!” ሲል ሰማሁ። በድንኳኑ ቀዳዳ ተመለከትኩ። ጡሩንባ የያዘ ደርበው ሽቅብ መጣ፤ ሰላምታ እየሰጠ አለፈ፤ የቤቴን በር ከፍቶ ገባ። ከኋላዬ የድንኳኑ ካስማዎች ማንም ሳይነካቸው አንድ በአንድ ይነቀሉ ጀመር።

እኔና ዘርትሁን ተነስተን ወጣን። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ዞር ብዬ የመጣንበትን አየሁ። ጭቃው ላይ የሁለት ሰው ዱካ ነበር። የእኔም የባዶ እግር ነው። ጫማዬን መቼ እንዳወለቅሁ ትዝ አይለኝም።