በሁለት እጅ

ሰማንያ ሰባት ሴት አንድ ላይ ዐረብኛ ሲናገር የመካነ ሰላሙ የሥልጠና አዳራሽ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። «አሞኛል» በሉ ሲባሉ ይላሉ፤ «አልችልም» በሉ ሲባሉም ይላሉ። በደጅ የሚያልፍ ሰው፣ እነዚህስ ዐረብ አገር ኖረው የመጡ ናቸው ሳይል አይቀርም። አስተማሪያቸው ጠይባ ግን አትታለልም። አንዷን ነጥላ ስታስነሣ እጅ ወደ አፍ ይሄዳል፣ ዓይን መሬት መሬት ያያል፣ ያ ሁሉ ጩኸት የት እንደገባ እንጃ።

ከሁሉም እንቅልፍ የነሣቻት ስመኝ ነበረች። ከገጠር የመጣች፣ ትምህርት የሚገባት፣ ድምፅዋ ግን ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ ናት። ሐሙስ ጠዋት ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ትሳፈራለች፤ ዛሬ ረቡዕ ነው።

ጠይባ ይህን ነገር በራሷ ደርሶባት ታውቀዋለች። ለቤት ሠራተኝነት ሪያድ በገባች ዕለት እመቤቷ ስልኳን ጠየቀቻት፤ እሷም የጨዋ ልጅ ናትና በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ ሰጠች። «መልሺልኝ» የሚለውን ቃል ታውቀው ነበር። ከአፏ እስኪወጣ ግን አሥራ አንድ ወር ፈጀ። ስልኩ ተመልሶላት አገር ቤት ስትደውል እናቷ ከተቀበረች አምስት ወር ሆኗት ነበር።

የረቡዕ ልምምድ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው፤ አንዷ እመቤት፣ አንዷ ሠራተኛ። ሰማንያ ሰባት ደግሞ ለሁለት አይካፈልም። ተርፋ የቀረችው ስመኝ ስለሆነች ጠይባ ራሷ እመቤት ሆና ፊቷ ቆመች።

«ስልክሽን አምጪ» አለቻት በዐረብኛ።

«አልሰጥም» የሚለውን መልስ ሳምንቱን ሙሉ በኅብረት ሲሉት ነው የሰነበቱት። ስመኝ ግን ስልኳን ከጉያዋ አወጣችና በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ ሰጠቻት።

«አሁን መልሺልኝ በይኝ» አለቻት በአማርኛ።

«እንዴ፣ እትዬ ጠይባ፣ እርስዎን?»

«እኔን።»

ስመኝ ፈገግ ብላ አንገቷን ደፋች። ጠይባም እልህ ይዟት ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ካልጠየቀችኝ አልመልስም አለች በልቧ።

ከሰዓት በኋላ ጠይባ ቤቷ ሆና በሩ በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ትላለች። አንዴ ጎረቤት፣ አንዴ ንፋስ ነበር። ስመኝ አልመጣችም። መሸ፣ ነጋ፤ ጠይባ የሰው ስልክ ታቅፋ፣ ራሷን እየረገመች ወደ መናኸሪያ ሮጠች።

የደሴው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቷል። ስመኝ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ እናቷ እማማ በለጡ ከታች ቆመው እንባቸውን ይጠርጋሉ። ጠይባን ሲያዩ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡ።

«መምህርት፣ ስልኩንማ ቸግሯቸው ይሆናል፣ ይሁንላቸው አለችኝ። እኔም እሺ አልሁ።»

ጠይባ ቦርሳዋን ከፈተች። ቸግሯቸው ይሆናል። እዚያም ቤት እንዲሁ ልትል ነው። ስልኩን አውጥታ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ያዘችው፣ አልሰጠችም።

«ምን ፈለግሽ?» አለቻት በዐረብኛ።

ስመኝ ስልኩን አየች፤ እናቷን አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ኧረ ስለ ማርያም ይስጧት፣ መኪናው ሄደ» አሉ እማማ በለጡ።

ጠይባ ከአውቶቡሱ ጎን ጎን እየተራመደች ነው። ልቧ ስጪያት ስጪያት ይላታል፤ እጇ ግን አሥራ አንዱን ወር አልረሳም። ርምጃዋ ወደ ሩጫ ተለወጠ።

«ሃቲ ጀዋሊ!»

የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ወደ ስመኝ ዞረ። ስልኬን ስጪኝ ማለቷ ነው፣ ያለ ኅብረት፣ ብቻዋን። ስመኝ ፊቷ በንዴት ቀልቶ በመስኮቱ ተንጠራራች፤ በአንድ እጇ ስልኩን መንጭቃ ወሰደችው። እግዜር ይስጥልኝ አላለችም። አውቶቡሱ አቧራውን አልብሷቸው ሄደ።

እማማ በለጡ በኀፍረት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«አፈር ልብላ። እንዲህ አድርጌ አላሳደግኋትም፤ ይቅር ይበሏት።»

«አብሽሩ፣ እማማ» አለች ጠይባ፣ እንባዋ እየወረደ። «ይልመድባት።»