ሦስት ጣት የሳተች ጉበት

መሪጌታ ድረስ ከዲማ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የመጡት ጉበታቸው መግል ቋጥሮባቸው ነው። ሎሚ የሚያክል እባጭ፣ ያውም ላይኛው ጫፍ ላይ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ተሸሽጎ። በመርፌ ከተመጠጠ ተገላገሉ፤ ካልሆነ ባሕር ዳር ሄደው ሆዳቸው ይቀደዳል። እሳቸው የፈሩት ሞቱን አይደለም። «ሆዴ ከተቀደደ ዜማው በምን ይወጣል?» አሉ። አርባ ዓመት ያስተማሩት ዜማ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ ከሲቲ ስካን ምስል ተነስቶ ጉበትን ስክሪን ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ጽፌያለሁ። ጉበት እንደ ድንጋይ ቁጭ ያለች ነገር አይደለችም። በተነፈስን ቁጥር ትወርዳለች፣ ትወጣለች፣ ትለመጣለች። ፕሮግራሙ ይህን አስልቶ እባጩ በየትኛው ትንፋሽ የት እንደሚገኝ ይናገራል። ሐኪማቸው ዶክተር እስከዳር ሐሙስ መርፌውን የምትሰደው ያንን ተማምና ስለሆነ፣ ሰኞ በአልትራሳውንድ እናመሳክር አለችኝ።

አመሳከርን። ፕሮግራሙ በሦስት ጣት ስፋት ሳተ።

«በሦስት ጣት ስህተት ሰው አልወጋም» አለች። ልክ ናት፤ ግን ተናደድኩ። መጀመሪያ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ብዬ አልትራሳውንዱን ወቀስኩ። ቀጥሎ የጉበቷን ልስላሴ ቀየርኩ፣ የጎድን አጥንቱን እንደገና ለካሁ። ሁለት ቀን ለፍቼ ያው ሦስት ጣት። በሌላ ሰው ምስል ስሞክረው ደግሞ ልክ ይመጣል! ንዴቱ ለቀቀኝና ነገሩ ይገርመኝ ጀመር። እኚህ ሰው ምን የተለየ ነገር አላቸው?

ረቡዕ ጠዋት አልጋቸው አጠገብ ሄድኩ።

«መሪጌታ፣ ሲቲ ስካን የተነሱ ዕለት ምን አሉዎት?»

«‹ትንፋሽ ይያዙ› አሉኝ፤ ያዝኩ።»

«እንዴት አድርገው?»

«እንዴት ይያዛል ልጄ? እንደ ዜማው ነዋ!» የተማረ ሰው ይህን ሲጠይቅ በማየታቸው ያዘኑልኝ መሰለኝ። «ደረቱን የሚነፋ ጀማሪ ነው። ትንፋሽ ከሆድ ነው።»

የእኔ ፕሮግራም ደግሞ ሰው ሁሉ በደረቱ ትንሽ ትንፋሽ እንደሚይዝ አምኖ የተቀመጠ ነው፤ ምስሉ የተነሳው ጉበቷ በጣም ወርዳ ሳለ መሆኑን በምን ይወቅ? እስከዳርን ጠርቼ አልትራሳውንዱን ሆዳቸው ላይ አስያዝኳት።

«እንደዚያ ዕለት ይያዙልን» አልኳቸው።

መሪጌታ አየር ሳቡ። ጉበቷ ስክሪኑ ላይ ወረደች። ይበቃታል ስንል ገና ወረደች፤ እባጩን ተሸክማ ከጎድን አጥንቱ በታች ብቅ አለች። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ስህተቴን ሁሉ ረስቼ አፌን ከፍቼ አየሁ።

እስከዳር ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። «እዚህ ሳንባም አጥንትም የለም፤ መንገዱ ክፍት ነው። ግን መርፌው እስኪደርስ መያዝ አለባቸው። መሪጌታ፣ ስንት ሰከንድ ይችላሉ?»

«ስንት ትፈልጊያለሽ?»

የትንፋሻቸውን ልክ ለፕሮግራሙ ስሰጠው ሦስቱ ጣት ጠፋ። ሐሙስ መሪጌታ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ መርፌው ፕሮግራሙ ባለው ቦታ ገባ፤ ሲሪንጁ በመግል ሞላ። እስከዳር «ገባ!» ብላ ጮኸች፣ እኔ አጨበጨብኩ፣ ነርሷ እልል አለች። መሪጌታ ብቻ ፊታቸው ቀልቶ፣ ዓይናቸው ፈጦ ያዩናል።

ለካ ማናችንም ይተንፍሱ አላልናቸውም።